ጋዝ ማስሞላት ጥገና አይደለም

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ

ባለፈው ዕትም ስለ መኪና አያያዝ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ «የኤሲ ጋዝ ስለሚያልቅ በየዓመቱ ማስሞላት ይመከራል» የሚል ምክር አንብቤ በጣም ተናድጃለሁ። ይህን አባባል በየጋራዡ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሰው ግን የጋራዥ ወሬ ይጠራጠራል፣ በመጽሔት የታተመውን ያምናል፤ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም። ኮምፕሬሰሩ ጨምቆ ይገፋዋል፣ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ላይ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ሲተን የመኪናውን ሙቀት ይወስዳል፣ ከዚያ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። መንገዱ ዝግ ነው። ጎደለ ከተባለ በአንድ ቦታ ወጥቷል። በጎማው ቱቦ በኩል በየዓመቱ ጥቂት ግራም ሊሰርግ ይችላል፤ ዘንድሮ ተሞልቶ ዘንድሮ የሚጠፋ ጋዝ ግን ቀዳዳ አለው።

እኔ ከእብናት አዲስ ዘመንና ባሕር ዳር የምመላለስ የሕዝብ ማመላለሻ ሹፌር ነኝ። የዶልፊኔ ኮምፕሬሰር ነክሶ ሲቆም ከተማ ወስጄ አስቀየርኩ፤ የጋራዡን ስም አልጠራም። አዲሱ ተገጠመ፣ ጋዝ ተሞላ፣ በረደ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞቀ። ተመለስኩ፤ ጋዝ ተሞላልኝ፣ ከፈልኩ። እንደገና ሞቀ፣ እንደገና ተሞላ፣ እንደገና ከፈልኩ። «ጋዙ አልቆ ነው» ከማለት በቀር የተፈታውን መጋጠሚያ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ያየው የእኛው የእብናት ልጅ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ገና የግፊት መለኪያውን ማኖሜትር ሳያወጣ፣ ቱቦው ከኮምፕሬሰሩ የሚጋጠምበትን ቦታ በጣቱ ጠርጎ አሳየኝ። ሌላው ብረት ሁሉ ደረቅ አቧራ ለብሷል፤ እዚያች ቦታ ላይ ግን አቧራው በዘይት ርሶ፣ ጠቁሮ ተጋግሯል። ጋዙ ሲወጣ የኮምፕሬሰሩን ዘይት ይዞ ይወጣል፤ የመንገዳችን አቧራ ደግሞ ዘይት ያገኘበት ይለጠፋል። ሳሙና በጥብጦ ቀባው፣ አረፋው ተነፋ። ቡሎኑን ሲፈታው የወጣው የጎማ ቀለበት፣ ማለትም ኦሪንጉ፣ አዲስ አልነበረም። ከአሮጌው ኮምፕሬሰር ወልቆ የተመለሰ፣ ክብነቱ ጠፍቶ የተጠፈጠፈ፣ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ነበር። ለኮምፕሬሰር ያ ሁሉ ብር ወጥቶ፣ ከመለዋወጫ ሱቅ ዕቃ ሁሉ ርካሹ ተቆጠበ!

ለአንባቢዎቻችሁ ሊነገር የሚገባው ይህ ነበር። የኤሲ ዕቃ ተቀይሮ ጋዝ ከጠፋ መጀመሪያ የሚፈተሸው የተፈታው ቦታ ነው። ለተፈታ መጋጠሚያ ሁሉ አዲስ ኦሪንግ ይገባለታል፤ እሱም ለኤሲው ጋዝ፣ ለ134ኤ፣ የተሠራና የኮምፕሬሰር ዘይት የተቀባ መሆን አለበት፤ በደረቁ ከገባ ይቆረጣል። ሲስተሙ ተከፍቶ ከዋለ እርጥበት ስለሚገባበት ድራየሩም ይቀየራል። የመሙያው ቫልቭ ከነክዳኑ ይታያል። ከዚያ ጋዙ ከመግባቱ በፊት ደረቅ ናይትሮጅን ተሞልቶ ማኖሜትሩ ይጠበቃል። መርፌው ከወረደ ቀዳዳው እስኪገኝ ጋዝ አይነካም። በናይትሮጅን ፈንታ የጎማ መንፊያ አየር ቢሞላ እርጥበት ያስገባል። ኦክስጅን ደግሞ በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ይችላል፤ በብየዳ ቤት አጠገብ ያሉ ጋራዦች ይህን አደራ ልብ ይበሉ። መርፌው ባለበት ከጸና በኋላ ናይትሮጅኑ ተለቆ በፓምፕ ቫኪዩም ይሳባል፣ ጋዙም ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በተጻፈው ግራም ልክ በሚዛን ይሞላል።

ስለ ቫኪዩሙ አንድ ነገር ልጨምር፣ የደጋ ሰው ይጠቅመዋልና። በባሕር ወለል ላይ ወደ 30 ኢንች የሚጠጋው የማኖሜትር መርፌ፣ 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ፓምፑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከ21 ወይም 22 ኢንች አያልፍም። የአየሩ ግፊት ራሱ እዚያ አነስተኛ ነው። ይህን ያላወቀ መካኒክ በደህና መኪና ላይ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ዋናው ነገር ፓምፑ ጠፍቶ መርፌው ሳይመለስ መቆየቱ ነው።

«ደጋ ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች በመጋቢት ፀሐይ ሙሉ ተሳፋሪ ጭነው የፎገራን ሜዳ አላቋረጡም። መስኮት ሲከፈት አቧራው አራስና አዛውንት ላይ ይወርዳል። በክረምት ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በጉና ሥር ሲታለፍ ደግሞ መስታወቱ ከውስጥ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ቶሎ የሚያደርቀው ኤሲ ነው። ገደል ዳር መንገዱን ማየት ቅንጦት ነው እንዴ? «አሁን እኮ የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል» የሚለውም አያስኬድም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ቢከለከልም ያሉት ገና ብዙ ዘመን ይነዳሉ። በኤሌክትሪኩም ቢሆን ጋዙ አለ፤ በብዙዎቹ ባትሪውንም የሚያቀዘቅዘው እሱው ነው።

«እያስሞሉ መንዳት ይረክሳል» ለሚሉትም መልሱ ያው ዘይቱ ነው። ጋዝ ብቻ እየተጨመረበት ዘይት ያጠረው ኮምፕሬሰር ይነክሳል፣ ሌላ ኮምፕሬሰር ይገዛል። ያፈሰስነው ጋዝ የትም አይቀርም፤ 1 ኪሎ 134ኤ በ100 ዓመት ውስጥ አየሩን የሚያሞቀው 1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሞቀውን ያህል ነው። በ2009 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ አገሮች ተሰብስበው ይህን መሰል ጋዞች ለመቀነስ የተስማሙት ለዚህ ነው።

ሌላም ያስመረረኝ ነገር አለ። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚጨመረው ፈሳሽ ደርቆ ቱቦውን ሊዘጋ ይችላል። 134ኤ ተወደደ ተብሎ የምድጃ ጋዝ መሙላት ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ኢቫፖሬተሩ ቢያፈስ እሳት የሚይዝ ጋዝ ተሳፋሪው መሐል ይገባል።

«የእናንተ አገር መካኒክ አይችለውም፣ አዲስ አበባ ውሰደው» የሚለውን ምክር ግን ከእንግዲህ መስማት አልፈልግም። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው። የእኛ ልጆች የጎደላቸው ናይትሮጅን ሲሊንደር፣ ሚዛንና የፍሳሽ መፈለጊያ መሣሪያ ነው። በዞናችን ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህን የፍሳሽ ፍተሻ ለአውቶ ተማሪዎች በተግባር ያሳዩ።

ከእርስዎ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ ምክር በወጣበት ገጽ ላይ ማስተካከያ ይውጣልን። ዕቃ ያስቀየረ ሰው አሮጌውን ኦሪንግ በእጁ እንዲቀበል፣ የናይትሮጅን ፍተሻውንም ቆሞ እንዲያይ፣ ይህ ሳይሆን ጋዝ ቢሞላለት እንዳይከፍል ይጻፍበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሕዝብ ማመላለሻ ሹፌር
ከእብናት