መከራ እምቢ ያለውን ብቻ አይመክርም

የዛሬው ሐሳቤ ስለ ድንኳን ነው። የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ሰኔ ላይ ጫካ ወጥቶ ሊያድር ነው ተብሏል። እኔም ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ከመሄዳችን በፊት ግን የማስበውን ልናገር።

ባለፈው ነሐሴ ወንድሜ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ለእረፍት መጣ። ከቦንጋ ወጣ ብሎ አያቴ ቤት አጠገብ ወንዝ ዳር ድንኳን ሊተክሉ ፈለጉ። የመረጡት ቦታ ሜዳ ሆኖ አሸዋ ነው፣ ለፎቶም ያምራል። አያቴ አይተው፣ «ልጆቼ፣ እዚህ አትደሩ፤ ከእንሰቱ በላይ ውጡ» አሏቸው። ወንድሜ፣ «አባባ፣ ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው» አለ። አያቴ ቁጥቋጦው ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣርና ጭራሮ አሳዩት። ከወገቤ በላይ ነበር። «ይሄን ማን የሰቀለው ይመስልሃል? ውሃው ነው» አሉት። ልጆቹ ሳቁ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሳቅኩ። ከእነሱ ጋር እንዳድር እንዲፈቅዱልኝ ፈልጌ ነበር። እናቴ ግን ከለከለችኝ።

ሌሊት እኛ ጋ ጠብታ አልወረደም። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ጩኸት ሰምተን ስንወጣ ውሃው ከኋላቸው ዞሮ መሃል ላይ አስቀርቷቸዋል። ወንድሜና ጓደኞቹ ድንጋይ ላይ ወጥተው ይጮሃሉ። አጎቴ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ፣ ረጅም እንጨት ይዞ ገባ። ሦስቱንም አወጣቸው። እሱ ግን ሲመለስ ድንጋይ እግሩን መታው። ሦስት ሳምንት ማሳ አልወጣም። ድንኳኑን ውሃ ወሰደው፤ ስለ ድንኳኑ ማንም አላዘነም።

በማግስቱ አንድ ጎረቤት፣ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አሉ። ይሄን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ግን አሁን አልወደውም። መከራው የመከረው እምቢ ያሉትን ብቻ ነው እንዴ? አጎቴ ምን እምቢ አለ?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን በዜና ሰምታችኋል። እነሱ ቤታቸው ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ምክር አልሰማ አሉ ማለቴ አይደለም። ግን የመጀመሪያው ናዳ ሰዎችን ሲቀብር ጎረቤቶች ሊያወጧቸው ሮጡ። እነሱ እየቆፈሩ ሳሉ ሌላ ናዳ መጥቶ እነሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ዝናብ የጠገበ አፈር አንዴ ተንዶ አያበቃም። ለመርዳት የሚመጣውም ሰው እዚያው አደጋ ውስጥ ነው የሚገባው።

ድሬዳዋም በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚሄድበት ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ጥሎ ውሃው ከተማው ገባ። እዚያም ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ስለዚህ «እዚህ አልዘነበም» ማለት መልስ አይሆንም።

አንዳንድ ልጆች፣ «ሽማግሌዎች ሁሉን ነገር ይፈራሉ» ይላሉ። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ትልልቅ ሰዎች «ተው!» ብለው ብቻ ያልፋሉ፣ ምክንያቱን አይነግሩንም። ምክንያት ያልተነገረው ልጅ ደግሞ ለመስማት ይከብደዋል። መምህሮቻችን፣ እባካችሁ ለምን እንደሆነ ንገሩን። አያቴ ግን ምክንያቱን በጣታቸው አሳይተው ነበር። ያንን አይቶ የሚስቅ ሰው ምን ሰበብ አለው?

የእኛ ካፋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው፤ ጫካችንም የቆመው በዝናቡ ነው። ስለዚህ አንውጣ አልልም፣ እንውጣ! ግን ዕቃ ከማውረዳችን በፊት የዚያን ሰፈር ሰው እንጠይቅ። ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ፣ ጎድጓዳ ቦታ፣ የተቆረጠ ገደል ሥር፣ የበሰበሰ ትልቅ ዛፍ ሥር አንትከል። ከፍ ያለና ውሃ የማይተኛበት ቦታ ለፎቶ ባያምርም ይሻላል። ከመካከላችን አንድ ልጅ እንኳ «እዚህ ጥሩ አይመስለኝም» ካለ ሳንስቅበት እንስማው። ያን ቀን እኔ ከመሳቅ ይልቅ «ወንድሜ፣ ጭራሮውን እየው» ብል ኖሮ ምናልባት ይሰማኝ ነበር።

አጎቴ አሁን ደህና ነው። ብርድ ሲሆን ግን እግሩን ያሻል። ወንድሜም ያንን ሲያይ መሬት መሬቱን ያያል።

ቸር ሰንብቱ።