ከልጁ በፊት ቤቱን መዝኑት

በየዓመቱ ጁን ሲጋመስ የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ጸሐፊዎች አንድ ልክፍት ይነሳባቸዋል። ልጅ መደርደር! «የክለባችን ሃያ ምርጥ ተስፈኞች» የሚል ርዕስ ይወጣል፣ ከአንድ እስከ ሃያ ይቆጠራል፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን እንደ ተማሪ ካርድ «ኤ»፣ «ቢ ማይነስ»፣ «ሲ ፕላስ» ይለጠፋል። የተደረደሩት ልጆች ገና ጺማቸውን በወጉ አልተላጩም። ከደርዳሪዎቹ ስንቱ ልጆቹን በረዶ ላይ በአካል እንዳያቸው መጠየቅ ደግሞ እንደ ነውር ይቆጠራል።

«እናንተ ደግሞ ከሆኪ ጋር ምን አገናኛችሁ?» የምትሉን አትጠፉም። ይገናኛል። ኤድመንተን ውስጥ ከእናንተ የአንዱ አክስት ወይም የአጎት ልጅ አይጠፋም፤ እዚያ ያለው ወገን ክረምቱን የሚገፋው ሰው ሁሉ ስለ ኦይለርስ ሲያወራ እየሰማ ነው። ደግሞስ በአሥራ ስምንት ዓመት መመዘን ምን ማለት እንደሆነ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለወሰደ ሰው ማን ሊያስረዳው ነው? (በነገራችን ላይ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክራችን አጭር ነው። ክለቦችም ጸሐፊዎችም ልጁን ይመዝናሉ፣ ልጁ የሚገባበትን ቤት ግን ማንም አይመዝንም። ልጁ ከከሸፈ «ቡስት» የሚል ስም ተሰጥቶት ዕድሜ ልኩን ይዞት ይዞራል። ያከሸፈው ቤት ግን በመጥፎ ውጤቱ ተሸልሞ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ቀድሞ ይመርጣል። ሽልማት ያልነው ለማጋነን አይደለም፤ የድራፍት ሕጉ የተሠራው እንዲያ ነው። በደረጃው ግርጌ የጨረሰ ክለብ የመጀመሪያውን ምርጫ በዕጣ የማግኘት ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ሐሳቡ ደካማውን ለመደገፍ ነው፣ ክፋት የለበትም። በተግባር ግን የአገሪቱ ምርጥ ልጆች ልጅ ማሳደግ ወደማያውቅበት ቤት በተራ ይላካሉ ማለት ነው።

ለዚህ ከኤድመንተን የተሻለ ምስክር የለንም። በ1980ዎቹና እስከ 1990 ድረስ አምስት ጊዜ ስታንሊ ካፕን ያነሳ ክለብ ነው። በ2006 ለፍጻሜ ደርሶ በሰባተኛው ጨዋታ በካሮላይና ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ተከታታይ የውድድር ዘመን ፕሌይ ኦፍ የሚባል ነገር አላየም። በነዚያ ዓመታት የመጀመሪያው ምርጫ አራት ጊዜ ደርሶታል፦ በ2010 ቴይለር ሆል፣ በ2011 ራያን ኑጀንት-ሆፕኪንስ፣ በ2012 ናይል ያኩፖቭ፣ በ2015 ኮነር ማክዴቪድ። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት! ሌላው ክለብ በሃያ ዓመት አንዴ ካገኘ ሻማ ያበራል። የኤድመንተን የተስፈኞች ዝርዝር በየዓመቱ «ኤ» ይሰጠው ነበር። ቡድኑ ግን ይሸነፍ ነበር። በማርች 2014 በጎረቤቱ በካልጋሪ በሜዳው 8 ለ 1 ሲረታ ከደጋፊዎቹ አንዱ ማልያውን አውልቆ ወደ በረዶው ወረወረው፤ በረኛው ቤን ስክሪቨንስ አንስቶ መልሶ ወረወረለት።

ያኩፖቭን እንይ፣ ምክንያቱም ስሙን ያወቀ ሁሉ የሚያውቀው በስድብ ነው። ሩሲያዊ ነው፣ ቀድሞ ካናዳ መጥቶ በሳርኒያ የወጣቶች ቡድን ጎል ሲያዘንብ የነበረ። በ2012–13 የመጀመሪያ ዓመቱ፣ በሥራ ማቆሙ ጣጣ ሊጉ ወደ 48 ጨዋታ ባጠረበት ዘመን፣ 17 ጎል አገባ፤ በ31 ነጥብም ከአዲስ ገቢዎች ጋር በአንደኝነት ተጋራ። ይሄ የከሸፈ ልጅ ነው? በዚያው ክረምት አሰልጣኙ ራልፍ ክሩገር ከአንድ ዘመን በኋላ ተባረረ፤ ያውም ዜናው የደረሰው በስካይፕ ነው። ዳላስ ኢኪንስ መጣ፣ በዲሴምበር 2014 ተሰናበተ። ቶድ ኔልሰን ተተካ፣ እሱም ወቅቱ ሲያልቅ በቶድ ማክሌለን ተለወጠ። ልጁ በአራት ዓመት ውስጥ አራት አሰልጣኝ፣ ሦስት ጄኔራል ማናጀር አየ። አንዱ «ተዝናንተህ ተጫወት» ያለውን ሌላው «መጀመሪያ መከላከል ተማር» ይለዋል፤ የተማረውን ሳይጨርስ መምህሩ ይቀየራል። በ2016 በአንድ ታዳጊ ተጫዋችና በቅድመ ሁኔታ በታሰረ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ወደ ሴንት ሉዊስ ተሸጠ። በጠቅላላው 350 ጨዋታ፣ 62 ጎል፣ ከ2018 በኋላም ወደ ሩሲያ ተመለሰ።

ያኩፖቭ እንከን አልነበረውም እያልን አይደለም። ኋላ ተመልሶ መከላከል አይወድም ነበር፣ ከጓደኞቹ ጋር ቦታ መጠበቅ ይከብደው ነበር። ነገር ግን ይሄ እኮ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሁሉ እንከን ነው! የሚማሩትም ለዚሁ ነው። ጥያቄው ማን ያስተምረዋል የሚለው ነበር፣ ኤድመንተን ደግሞ መልስ አልነበረውም።

«ልጁ ራሱ ነው ችግሩ» ለሚሉን ከዚያው ቤት ሌላ ልጅ እንጥራላቸው። ሊዮን ድራይሳይትል፣ ጀርመናዊ፣ በ2014 ሦስተኛ የተመረጠ። እሱንም በአሥራ ስምንት ዓመቱ ቀጥታ ከትልልቆቹ ጋር ጣሉት። በ37 ጨዋታ ሁለት ጎል ብቻ። በዚያን ጊዜ የወጡት ዝርዝሮች «ዘገምተኛ ነው» ይሉት ጀምረው ነበር። ክለቡ ግን ለአንድ ጊዜ ትክክለኛውን ሠራ። በጃንዋሪ 2015 ወደ ወጣቶች ሊግ መለሰው። ልጁ ኬሎና የሚባል ቡድን ገብቶ የምዕራቡን ሊግ ዋንጫ አነሳ፣ በሜሞሪያል ካፕ ቡድኑ በፍጻሜው ቢሸነፍም የውድድሩ ኮከብ እሱ ተባለ። በሚቀጥለውም ዓመት መጀመሪያ ለጥቂት ጨዋታ ታች ወደ ቤከርስፊልድ ወረደ። ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፦ በ2018–19 ሃምሳ ጎል፣ በ2020 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመው የሃርት ዋንጫ። በጃንዋሪ 2015 ዝርዝሩ ላይ «ሲ» የተሰጠው ልጅና በ2020 የሃርት ባለቤቱ አንድ ሰው ናቸው። በመሀል የተለወጠው ጊዜ ማግኘቱ ነው።

ሆልስ? ኤድመንተን ስድስት ዓመት አቆይቶት አንድ የፕሌይ ኦፍ ጨዋታ ሳያሳየው በ2016 ለኒው ጀርሲ ሰጠው፣ በምትኩ አንድ ተከላካይ ወሰደ። በ2018 ሃርት በላ። ኑጀንት-ሆፕኪንስ ደግሞ ቤቱን ሳይለቅ ቆይቶ መቶ ነጥብ ያለፈው በ2022–23 ነው፣ ከተመረጠ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ! በ2014 የሱን ካርድ የሞላው ጸሐፊ ዛሬ ምን ይል ይሆን?

እዚህ ላይ አንድ ሕግ መናገር ግድ ነው፣ ምክንያቱም ዝርዝር አውጪዎች ሲረሱት እናያለን። ያኔ በነበረው ስምምነት ከካናዳ የወጣቶች ሊግ የተመረጠ የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ወደ መካከለኛው የአሜሪካ ሆኪ ሊግ መውረድ አይፈቀድለትም ነበር። ወይ ከአዋቂዎቹ ጋር፣ ወይ ተመልሶ ከእኩዮቹ ጋር፤ መሀል የለም። ጥሬው ልጅ በአንድ ሌሊት ብስል እንዲሆን ይጠበቃል፣ ወይም እኩዮቹን እያሸነፈ ይሰለቻል። ምሩጩ ባለበት ከተማ ደግሞ ትኬት የሚሸጠው በልጁ ፎቶ ነው። የተራበ ክለብ የትኛውን እንደሚመርጥ ገምቱ።

ካልተራቡት መካከል ዲትሮይት አንዱ ነበር። ፓቬል ዳትሱክን በ1998 በ171ኛ ደረጃ ወሰደው፣ ሄንሪክ ዜተርበርግን በ1999 በ210ኛ። ሆካን አንደርሰን የሚባል ስዊድን የሚኖር መልማይ ነበረው፤ ሌላው የማይሄድበት እየሄደ ያይ ነበር። ስለ መልማዩ ዓይን ብዙ ተጽፏል፣ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ስላለው ነገር ግን እምብዛም አይወራም። ዳትሱክ እስከ 2001 ሩሲያ፣ ዜተርበርግ እስከ 2002 ስዊድን ቆዩ። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም ፎቶአቸውን ቢልቦርድ ላይ አልሰቀለም። ዲትሮይት ልጆቹን ከመብሰልም አልፈው እስኪጎመሩ ያቆያቸው ነበር፣ ለዚህም አቅሙ ነበረው፤ ከላይ ያሉት አዋቂዎች ያሸንፉ ስለነበር። በ2008 ክለቡ ዋንጫ ሲወስድ የፕሌይ ኦፉ ኮከብ 210ኛው ልጅ ዜተርበርግ ሆነ። ታምፓም እንዲሁ። ኩቼሮቭ 58ኛ፣ ፖይንት 79ኛ፣ ፓላት 208ኛ፤ በ2020ና በ2021 ሁለት ዋንጫ። ፓላትን ታች በኖርፎክ ሲያሠለጥነው የነበረው ጆን ኩፐር ላይም ጠበቀው። ያኩፖቭ አራት አሰልጣኝ ሲያይ ፓላት ከአንዱ ጋር አብሮ አደገ። እስቲ ይሄን በየትኛው የ«ኤ» እና «ቢ» ዓምድ ታስገቡታላችሁ?

ስለ መለኪያውም ትንሽ እንበል። ከድራፍቱ በፊት ልጆቹን ሰብስበው ብስክሌት ያስነዱአቸዋል፣ ያስዘልሏቸዋል፣ ብረት ላይ ተንጠልጥለው ራሳቸውን ወደ ላይ እንዲስቡ ያደርጓቸዋል። በ2014 ሳም ቤኔት የሚባል ልጅ፣ ያውም የሊጉ መልማዮች ከሰሜን አሜሪካ ተጫዋቾች ቁጥር አንድ ያሉት፣ አንድ ጊዜ እንኳ መሳብ አቃተው። ጋዜጦቹ ሳምንቱን ሙሉ ተዝናኑበት። ካልጋሪ በአራተኛነት ወሰደው፣ እዚያ እንደተጠበቀው አልሆነም፣ በ2021 ወደ ፍሎሪዳ ተዛወረ። በ2025 ፍሎሪዳ ኤድመንተንን በፍጻሜው አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ የፕሌይ ኦፉ ኮከብ ተብሎ የተሸለመው ያው መንጠልጠል ያቃተው ልጅ ነው።

የልደት ወሩም አለ። የካናዳ ታዳጊዎች በዕድሜ የሚከፋፈሉት ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስለሆነ በጃንዋሪ የተወለደው በዲሴምበር ከተወለደው ጋር አንድ ቡድን ይገባል። በአሥር ዓመት ልጅ ላይ አሥራ አንድ ወር ማለት አንድ ራስ ቁመት ነው። ትልቁ ይመረጣል፣ ተጨማሪ ልምምድ ያገኛል፣ ይበልጥ ይመረጣል። በ2013 ፕሎስ ዋን መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በድራፍት የተመረጡ ካናዳውያንን መርምሮ ያገኘው አስገራሚ ነው፦ በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ የተወለዱት ከጃንዋሪ እስከ ማርች ከተወለዱት ጋር ሲነጻጸሩ ኋላ ካሳዩት ችሎታ አንጻር ከአርባ ደረጃ በላይ ዘግይተው ነበር የተመረጡት። 400 ጨዋታ ወይም 200 ነጥብ የመድረስ ዕድላቸው ደግሞ እጥፍ ገደማ ነበር። ይሄ የአንድ መልማይ ስህተት ቢሆን ዝም እንል ነበር። ሁሉም ባለሙያ ለሃያ ምናምን ዓመት በአንድ አቅጣጫ ሲሳሳት ግን ሚዛኑ ራሱ ተንጋዷል።

የሚሞግቱን ማክዴቪድን ይጠሩብናል። «አየነው፣ ቁጥር አንድ ነው አልን፣ ቁጥር አንድ ሆነ!» ልክ ነው። በጠቅላላውም ቀድመው የሚመረጡት ኋላ ከሚመረጡት ይሻላሉ፤ መልማይ ዕውር ነው አላልንም። ነገር ግን ማክዴቪድን ለመለየት መልማይ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል። ክርክሩ ያለው ከሱ በታች ባሉት ሁለት መቶ ልጆች ላይ ነው። በ2012፣ ያኩፖቭ አንደኛ በተጠራበት በዚያው ድራፍት፣ ቴክሳስ ውስጥ በማይታወቅ የወጣቶች ሊግ ሲጫወት የነበረ በረኛ 130ኛ ተጠራ። ኮነር ሄልባክ። ዊኒፔግ አልቸኮለም፤ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ታችኛው ሊግ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ። የምርጥ በረኛነትን ሽልማት ሦስት ጊዜ ወሰደ፣ በ2025 ደግሞ ሃርትን ጨመረበት። በ2012 ዝርዝር ላይ ይሄ ልጅ ስንተኛ ነበር? ስሙስ በትክክል ተጽፎ ነበር?

ስለዚህ ዝርዝር አታውጡ አንልም፤ እኛም እንደ ማንም እናነባለን፣ እንከራከርበታለን። ግን ከልጁ ስም ጎን ሌላ ዓምድ ይጨመር። ክለቡ ባለፉት አራት ዓመታት ስንት አሰልጣኝ ቀየረ? ታችኛው ቡድን የሚያሠለጥነው ማን ነው፣ ላይኛው ቡድን የሚጫወትበትን ስልት ያስተምራል ወይስ የራሱን? ልጁ ከማን ጋር አብሮ ይገባል፣ ከሚያስተካክለው አንጋፋ ጋር ወይስ ከሱ ጋር ከሚደናገር ሌላ ልጅ ጋር? አገሩን ለቆ የመጣ ከሆነ የት ያድራል፣ በማን ቋንቋ ያወራል? ዕድሜ ልኩን «ቡስት» ተብሎ የሚጠራው ልጅ እንደሆነ ሁሉ፣ ላከሸፈው ቤትም ከስሙ ጎን ምልክቱ ይደረግ። የያኩፖቭ 350 ጨዋታ በየመዝገቡ ተጽፏል። ከጎኑ አራቱ አሰልጣኞች ይጻፉ። መጪው ጁን ላይ ዝርዝራችሁን ስታወጡ ያን ዓምድ የምትሞሉበት መረጃ ከሌላችሁ፣ ባዶውን እንዳለ አትሙት።