የመኪና ጣሪያ መስኮትና የነፋስ መከለያው

አንባቢ ሆይ፤ የዚህ ሳምንት ጉዳያችን ከብርሌ ይጀምራል። ባዶ ብርሌ ያንሡና አፉን ወደ ከንፈርዎ አስጠግተው በአግድም እፍ ይበሉበት። ወፍራም ድምፅ ይሰማሉ። ብርሌው ውስጥ ያለው አየር እንደ ሞላ ይጨመቃል፤ መልሶም ይገፋል፤ ድምፁ የሚመጣው ከዚሁ ነው። እንግዲህ ብርሌውን በሐሳብዎ አግዝፈው፣ አራት ጎማ አድርገውለት፣ ከበደሌ ወደ መቱ ይንዱት። ጣሪያው ላይ መስኮት የተቀደደለት መኪና ማለት ይኸው ነው።

ሰንሩፍ የምንለው የጣሪያ መስኮት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከፋብሪካ ከመኪናው ጋር የሚወጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው መኪናው ከተሸጠ በኋላ ላሜራው ተቆርጦ የሚገባ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ዌባስቶ የተባለው የጀርመን ድርጅት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታጣፊ የሸራ ጣሪያ ለመኪና ያቀርብ ነበር። እኛ «ቮልስ» እያልን የምንጠራት ፎልክስዋገንም መጀመሪያ የሸራ፣ ኋላ ደግሞ የብረት ተንሸራታች ጣሪያ ያላት ዓይነት ነበራት። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ታገደ፣ አሮጌውን ይዞ ማደስ የብዙ ሰው ዕጣ ሆኗል። ስለዚህ ከወንድሙ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቀድሞው ባለቤት ያስቆረጠውን ጣሪያም አብሮ ይገዛል።

ጭንቁ የሚጀምረው በመንገድ ላይ ነው። ጣሪያው ተከፍቶ መኪናው በሰዓት ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ ብዙ ጊዜ አንድ የሚደልቅ ነገር ይነሣል፤ ጆሮ ይደፍናል፣ ራስ ያሳምማል፤ ከኋላ የተቀመጠውንም ልጅ ያስለቅሳል። ድምፅ ነው እንዳይባል ከሚሰማው ይልቅ የሚመታው ይበልጣል። ይህም የሆነበት ምክንያት፣ ጆሮአችን በሰከንድ ከ20 ጊዜ በታች የሚርገበገበውን በደንብ ስለማይሰማና የመኪናው ሆድ ደግሞ እጅግ ትልቅ ብርሌ ስለ ሆነ በዚያው አካባቢ ስለሚርገበገብ ነው። ትንሽ ብርሌ ያፏጫል፤ ትልቁ ይደልቃል። ሕጉን በ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ሄልምሆልትስ መርምሮታል፤ በእርሱ ዘመን ግን ባለ ሰንሩፍ መኪና አልነበረም።

ይህን ያላወቀ ሰው ምን ያደርጋል? ጋራዥ ይሄዳል። ጋራዡም ደልቆታልና «ኩሽኔታ ነው» ብሎ ጎማውን ይፈታል። እርስዎ ግን አንድ ሳንቲም ሳያወጡ ሊፈትኑት ይችላሉ፤ በዚያው ፍጥነት እየሄዱ አብሮ የተቀመጠው ሰው ጣሪያውን ይዝጋው። ድለቃው ወዲያው ከቆመ ኩሽኔታው ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ነፋስ ነው።

ነፋሱ በጣሪያው ላይ ሲንሸራተት ከቀዳዳው የፊት ጠርዝ ይላቀቅና እየተጠቀለለ የኋላውን ጠርዝ ይመታል። እያንዳንዱ ምት ውስጥ ያለውን አየር ይገፋዋል፤ አየሩም መልሶ ይገፋል። ምቱና መልሱ ሲገጣጠሙ፣ ልክ ዥዋዥዌ በጊዜው ሲገፋ እንደሚያድግ፣ ድለቃው ያድጋል። መድኃኒቱም ያለው በፊት ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ጠባብ የፕላስቲክ መከለያ ቢቆም፣ ነፋሱን ከፍ አድርጎ በቀዳዳው ላይ ያሳልፈዋል። ብዙዎቹ የፋብሪካ ጣሪያዎች ሲከፈቱ ብድግ የሚል እንዲህ ያለ መከለያ አላቸው፤ አንዳንዱም እንደ ወንፊት ያለ መረብ ነው። ቆይቶ በተቆረጠው ጣሪያ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀረው ይኸው ነው።

«የኋላውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ ይበቃል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ይበቃል። ነገር ግን ከአስፋልቱ ወጥተው በጠጠር መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌ በበጋ የሄደ ሁሉ፣ በዚያች ሁለት ጣት ክፍተት ምን ያህል አቧራ እንደሚገባ ያውቃል። የቢሮውን ወረቀት የያዘ ሰው ይህን ምክር አይወደውም።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርዎ። መከለያውን የሚገጥም ባለሙያ ትራፓኖ ቢያነሣ እጁን ይያዙት! መቱና ጎሬ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች ውስጥ ናቸው፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ሰማዩ እምብዛም አያርፍም። በላሜራው ላይ የሚበሳ እያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ የውኃ በር ነው። ቀለሙ የተገለጠ ብረት ይዝጋል፤ ዝገቱም በጣሪያው ጨርቅ ሥር ተደብቆ ስለሚሄድ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ባለሁለት ፊት ማጣበቂያ ያለውን መከለያ መምረጥ ይሻላል። ላሜራውን በስፒርቶ ጠርገው ያድርቁት፤ መስታወቱ ሲከፈትና ሲዘጋ እንዳይነካው አስቀድመው ለክተው፣ በደንብ ተጭነው ያጣብቁት። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነዱ ያሳድሩት። ሥራው በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ፀሐይ ቢሆን መልካም ነው፤ በሐምሌ ካፊያ የተለጠፈ ነገር ጎሬ ሳይደርስ ይላቀቃል።

መከለያው ድለቃን ያድናል እንጂ ማፍሰስን አያድንም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ብርጭቆ ውኃ በመስታወቱ ዙሪያ ባለው ቦይ ላይ በቀስታ ያፍስሱ። ተንሸራታች ጣሪያ ከሆነ ውኃው በማዕዘኖቹ ባሉት ቱቦዎች ወርዶ ከመኪናው ሥር መንጠብጠብ አለበት። ወንበሩ ላይ ከነጠበ ቱቦው ተደፍኗል ወይም ጎማው አርጅቷል፤ መጀመሪያ እርሱን ያሠሩ። በፍጥነት ሲነዱም ከመከለያው ቀጭን የፉጨት ድምፅ ቢሰሙ አይደንግጡ፤ ይህ የመከለያው ዋጋ ነው።

በጥር ወር መኪናዎን ለሠርግ ካዋሱ ደግሞ፣ በጣሪያው ብቅ ብለው የሚጨፍሩትን ሚዜዎች መከለያውን እንደ እጀታ እንዳይጨብጡት አስቀድመው ይንገሯቸው።