የጋንግናም ማሳ

የዚህ እትም መነሻ በ2007 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው የደቡብ ኮሪያዊው ዳይሬክተር የዩ ሃ ፊልም «ጋንግናም 1970» ነው። ጨርቅና ወረቀት እየለቀሙ የሚያድሩ ሁለት ወላጅ አልባ ወጣቶች ጎጇቸው ይፈርስባቸዋል፤ ቆይተው ግን የሴኡልን ዳርቻ የእርሻ መሬት ለሚቀራመቱ ሰዎች ዱላ ይሆናሉ። ፊልሙ አንጀት የሚበላው እዚህ ላይ ነው፤ ጎጆ የፈረሰበት ራሱ አፍራሽ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪዎች ማሳ ወደ ካርታ ሲለወጥ አይተዋልና ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻቸውም። ፊልሙ ወሮበላን ያጀግናል የሚሉ አሉ፤ ሊ ሚን ሆን የመሰለ መልከ መልካም ተዋናይ ዱርዬ ሆኖ ሲቀርብ መስጋታቸው አያስወቅስም። ግን ትርፉ ማን እጅ እንደሚገባ ይታይ፤ ዱላ የጨበጡት ይወድቃሉ፣ ያዘዟቸው ይከብራሉ። ይህ ሙገሳ አይደለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጻፉልን።