ለግድግዳ ፎቶ ፒግመንት ፕሪንተር ይገዛ ወይስ አይገዛ?

«ይገዛ» — ባለ ስቱዲዮው

ደንበኛ ከፍሎ የወሰደውን የሠርግ ፎቶ ሳሎኑ ሰቅሎ፣ ውሎ አድሮ ሙሽራዋ ብርቱካናማ ብትሆንበት ጥፋቱ የፀሐይ ሳይሆን የእኛ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በኤፕሰን ስታይለስ ፎቶ 870 እና 1270 የታተሙ ፎቶዎች በሳምንታት ውስጥ ብርቱካናማ እየሆኑ ባለቤቶቻቸውን አስጩኸዋል። ቀለሙ ዳይ ነበር፤ አየር ላይ ያለው ኦዞን ሲያኑን፣ ማለትም ሰማያዊውን ቀለም፣ በላው።

ዳይ ፈሳሹ ውስጥ ይሟሟል። ፒግመንት ግን ደቃቅ ቅንጣት ስለሆነ ብርሃንም ጋዝም እንደልብ አይደፍሩትም። የፎቶ ዕድሜ የሚመረምረው የሄንሪ ዊልሄልም ቤተ ሙከራ መስታወት ውስጥ የገባን ፎቶ በቀን 12 ሰዓት 450 ሉክስ ብርሃን ያርፍበታል ብሎ ነው የሚያሰላው። በዚህ ስሌት ላብራቶሪ የሚያጥብበት የፉጂ ክሪስታል አርካይቭ ወረቀት 40 ዓመት ገደማ ተሰጥቶታል። ኤፕሰን ደግሞ ለፒ900 ፕሪንተሩ ባለቀለም ፎቶ እስከ 200፣ ጥቁርና ነጭ እስከ 400 ዓመት ይላል። እኔ ብጠየቅ የካኖንን ፕሮ-1000 እመርጣለሁ። ሁለቱም 17 ኢንች፣ ማለትም 43 ሳንቲሜትር ወርድ ያትማሉ፤ የፒ900 ካርትሬጅ ግን 50 ሚሊ ሊትር ሲይዝ የካኖኑ 80 ይይዛል። ቀለም ፍለጋ ከተማ ሲዞር የሚውል ሰው ይህን አይንቅም። ወረቀቱ የጥጥ ይሁን፤ ማንጫ ኬሚካል የገባበት ወረቀት ራሱ ወደ ቢጫ ይሄዳል።

«አይገዛ» — የሠርግ ፎቶ አንሺዋ

የምሠራው ሠርግ ነው። ሠርግ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል፤ 55 ቀን። ያ ውድ ማሽንም አብሮን ይጾማል። ድሮ በሠራሁበት ስቱዲዮ ፋሲካ አልፎ የዳግማይ ትንሣኤ ሠርግ ሲጎርፍ የመጀመሪያዋ ሙሽራ አንገቷ ላይ ነጭ መስመር ተጋድሞባት ወጣች። ሄድ ክሊኒንግ፣ ማለትም ቀለም የደረቀበትን የማተሚያ አፍ ማጽዳት፣ ተባለ፣ አሁንም ተባለ። አንድ ፎቶ በወጉ ሳይወጣ የሲያኑ ካርትሬጅ ተጋምሶ የፍሳሽ መያዣው ውስጥ ገባ። ሲስተካከል መብራት ሄደ።

ይህ ሁሉ ወጪ የሚወጣው ከማን ኪስ ነው? አንዲት ደንበኛዬ የሟች እናቷን ጉርድ ፎቶ አምጥታ «ትልቅ ሆኖ ለአምስታችንም ይድረሰን» አለችኝ። ላብራቶሪ ሰጠሁት፣ ደረሳቸው። በጥጥ ወረቀትና በፒግመንት ዋጋ ቢሆን አንዱን አሳትመው ማን ቤት ይሰቀል ሲሉ በተጣሉ ነበር። ፎቶ የሚዘልቀው ብዙ ቤት ሲገባ ነው። ደግሞስ 200 ዓመት የሚቆም ግድግዳ ያለው ማነው? ፒያሳ ሲፈርስ ያየ ይመስክር። ሰው ከፈረሰ ቤት መጀመሪያ ይዞ የሚወጣው ያንኑ ፎቶ ነው፤ በምን ቀለም እንደታተመ ግን የሚጠይቅ አላየሁም።

ባለ ስቱዲዮው ሲመልስ

«ይጾማል» ማለት ለቀልድ ጥሩ ነው፣ እህቴ። ማሽኑን ያስጾመው ግን ባለቤቱ ነው። በሳምንት አንዴ ሁሉም ቀለም ያለበት ትንሽ ፎቶ ማተም ምን ይከብዳል? ሥራ ሲያልቅ በራሱ ቁልፍ ይጠፋል እንጂ ከሶኬት አይነቀልም፤ ሄዱ ቦታው ገብቶ የሚከደነው በቁልፉ ሲጠፋ ነው። በድንገት ከነቀሉት ክፍቱን ያድራል፣ ይደርቃል። ለመብራቱም ዩፒኤስ አለ። ሳይንከባከቡ ትተውት ማሽን መውቀስ የሰነፍ ስቱዲዮ ልማድ ነው።

ፎቶ አንሺዋ ስትመልስ

ስለ ምክሩ እግዜር ይስጥልኝ። ያናደደኝ ግን «ጥፋቱ የፀሐይ ሳይሆን የእኛ ነው» ያልከው ነው፤ ላብራቶሪ የምናሳጥበውን ሁሉ አጭበርባሪ አደረግኸን። 450 ሉክስ አልክ? መስኮት ፊት ለፊት በተሰቀለ ፎቶ ላይ የቀትር ፀሐይ ሲያርፍ ሉክሱ በአሥር ሺዎች ነው የሚቆጠረው። ኮዳክ በበኩሉ ለቤት 120 ሉክስ ይበቃል ብሎ ለኢንዱራ ወረቀቱ፣ ያውም ለላብራቶሪ ወረቀት፣ 100 ዓመት ቆጥሮለት ነበር። ሉክሱን የመረጠ ዓመቱንም መረጠ ማለት ነው። ከተማመንክ ደረሰኙ ላይ «200 ዓመት» ብለህ ጽፈህ ማኅተም ምታበት፤ ያኔ ደንበኞቼን ራሴ አመጣልሃለሁ።