የክረምት ማብቂያ፤ ዝናብ ስላቋረጠበትና ፀሐይ ስለበረታበት ሳምንት



የነሐሴ ወር አጋማሽ ካለፈ በኋላ ዝናቡ በድንገት አቋርጦ፥ ሰማዩ ጠርቶ፥ ቀትሩም እንደ በጋ ማቃጠል ሲጀምር በየቤቱ የሚሰማው ንግግር ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «እሰይ፥ ክረምቱ ወጣ፤ ጭቃው ሊደርቅልን ነው» የሚለው የከተማ ሰው ደስታ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ሰብሉ ሳያሸት ዝናቡ ሄደብን» የሚለው የገበሬ ሥጋት ነው። ልጆችም በበኩላቸው ጳጉሜን 3 ቀን፥ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት የሚወርደውን ዝናብ ሊጠመቁበት ይጠብቃሉና፥ ደመና ያጣውን ሰማይ እያዩ ያዝናሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለው ደረቅና ሞቃት ሳምንት ከወዴት እንደሚመጣ፥ በየአገሩ ምን እንደሚያስከትል፥ ቤተ ሰብም በዚያ ሳምንት ምን ሊያደርግ እንደሚገባው በዚህ ወር ገጻችን እንመለከታለን።

አስቀድመን ስለ ሙቀቱ እንናገር። በነሐሴ ወር ብርድ የሚሰማን ፀሐይ ከእኛ ስለራቀች አይደለም። እንዲያውም ነገሩ ተቃራኒ ነው። ፀሐይ በዚህ ወር በአገራችን ሰማይ ላይ አናት ለአናት ታልፋለች፤ በመቀሌ በኩል በነሐሴ 10 ቀን ገደማ፥ በአዲስ አበባ ደግሞ በነሐሴ 24 ቀን ገደማ ትደርሳለች። ይህን ለመመርመር የሚሻ የአዲስ አበባ ነዋሪ በዚያው ሰሞን፥ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፥ በግቢው ውስጥ አንድ ቀጥ ያለ በትር ይትከል፤ ጥላው ከበትሩ ሥር ገብቶ ሊጠፋ ሲቃረብ ያያል። ለልጆችም መልካም ትምህርት ይሆናል። እንግዲህ በነሐሴ አገሩን የሚያቀዘቅዘው የደመናው መጋረጃ ነው። በዚህ መጋረጃ ምክንያት የአዲስ አበባ የቀን ሙቀት በነሐሴ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሆናል። መጋረጃው የተገፈፈ እንደ ሆነ ግን ከአናታችን በላይ ያለችው ፀሐይ ኃይሏን ሁሉ ታሳያለች። የሙቀቱ ምሥጢር ይኸው ነው።

ዝናቡም ፀሐይን የሚከተል ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ወጥቶ የነበረው የዝናብ መቀነት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስትመለስ እርሱም ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ይመለሳል። በስፍራውም ከሰሜንና ከምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ አየር ይተካል። ይሁን እንጂ ይህ መመለስ በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም፤ አንድ ሳምንት ይሄዳል፥ በሌላው ሳምንት ይመለሳል። የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቈጣጠርም ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ አድርጎ መወሰኑ የሚታወስ ነው። ስለዚህ በጳጉሜን ዝናብ ቢጠፋ ክረምቱ ፈጽሞ አለቀ ማለት አይቻልም፤ ገና ሦስት ሳምንት ያህል የሚቀረው ዘመን አለና።

በየአገሩ ያለው ሁኔታ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ዝናቡ አስቀድሞ የሚለቀው ሰሜኑንና ሰሜን ምሥራቁን ነው። ስለዚህ በትግራይና በወሎ ምሥራቃዊ ክፍል የነሐሴ መጨረሻ ደረቅ ሳምንት በእርግጥ የዝናቡ መሰናበቻ ሊሆን ይችላልና ሊናቅ አይገባውም። በሸዋና በጎጃም ደጋማ አገር ግን ዝናቡ አርፎ በመስከረም ተመልሶ መዝነቡ የተለመደ ነው። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ፥ በወለጋ፥ በኢሉባቦርና በከፋ፥ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ የአንድ ሳምንት ፀሐይ እምብዛም የሚያሳስብ አይደለም። በቦረና በኩል ደግሞ ሁለተኛው የዝናብ ወራት ከመስከረም በኋላ የሚገባ ስለ ሆነ ጳጉሜን ደረቅ መሆኑ የአገሩ ልማድ ነው። አንዱ አገር የሚፈራውን ሌላው እንደማይፈራው ማወቅ በወሬ ከመሸበር ያድናል።

ከአገሩ ቀጥሎ የሚታየው አፈሩና ሰብሉ ነው። በጠራ ሰማይና በሞቃት ቀን በማሳ ላይ ያለ ሰብል በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይጠጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነውና፥ በአንድ ሳምንት ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 30 ሊትር ያህል ይወጣል ማለት ነው። ጥቁሩ የመረሬ አፈር ይህን ከጎተራው አውጥቶ ሊከፍል ይችላል፤ አሸዋማውና ስሱ መሬት ግን ቶሎ ይከስራል። ዘግይቶ የተዘራ፥ በአበባ ላይ ያለ ወይም ፍሬ መቋጠር የጀመረ ሰብል ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል። በአንጻሩ በመረሬ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘራ ገበሬ ይህንኑ የዝናብ ማረፍ ይጠብቀዋል፤ እነዚህ በአፈር ውስጥ በቀረ እርጥበት የሚያድጉ ናቸውና። አንድ ፀሐይ ለአንዱ ማሳ ጉዳት፥ ለሌላው ሲሳይ ይሆናል። ገበሬው ለማወቅ የፈለገ እንደ ሆነ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ አፈሩን በመዳፉ ይጨብጥ፤ ተጣብቆ ድቡልቡል ከሆነ ገና ውሃ አለው፤ እንደ ዱቄት ከፈረሰ ግን ሥጋቱ እውነተኛ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ሰው ሁልጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጥ ማለታችን አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከደከመ በኋላ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ እየተቆራረጠ ሄደ። በዚያን ጊዜ ኤል ኒኞ የሚባለው፥ የሰላማዊ ውቅያኖስ መካከለኛ ክፍል ከልኩ በላይ መሞቅ፥ በርትቶ ነበር፤ ይህም የአገራችንን የክረምት ዝናብ እንደሚያደክም የታወቀ ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው የተገለጸው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ያንን ዓመት የከፋ ያደረገው አንድ ደረቅ ሳምንት ሳይሆን ከበልጉ ጀምሮ ጉድለት በጉድለት ላይ መደራረቡ ነው። ስለዚህ ደረቅ ሳምንት ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ከዚህ በፊት ያለው ዝናብ እንዴት ነበር?» የሚለው ነው። በጎ ክረምት ያሳለፈ መሬት ይታገሣል፤ ጎዶሎ ክረምት ያሳለፈ ግን አይችልም።

እንግዲህ ቤተ ሰብ ምን ያድርግ? ከሁሉ አስቀድሞ ጎተራው ይጠበቅ። አሮጌው እህል የሚያልቅበት፥ አዲሱም ገና ያልደረሰበት ጊዜ ይህ ነው፤ የዘመን መለወጫና የመስቀል ወጪም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ክረምቱ ጎዶሎ ከነበረና ደረቁ ሳምንት ከተጨመረበት፥ ለበዓል ልብስና ለድግስ ሲባል የመጨረሻው እህል ወደ ገበያ አይውጣ፤ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ የሰማዩ ነገር እስኪለይ ይጠበቅ። በፍርሃት ተነሥቶ የእርሻ በሬን መሸጥም እንደዚሁ የሚያስጸጽት ነው፤ ዝናቡ በሳምንቱ ቢመለስ በሬው አይመለስምና።

ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው። በደረቁ ሳምንት መካከል አንድ ምሽት 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፥ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ጣራ 400 ሊትር ውሃ ያወርዳል። ስለዚህ አሸንዳው ተጠግኖ፥ በርሜሉ ታጥቦና ክዳን ተበጅቶለት ይጠብቅ። የጓሮ ጎመን ማለዳ ወይም ማታ ይጠጣ፤ ሥሩም በገለባ ይሸፈን፤ ይህ እርጥበቱን ከፀሐይ ይጋርዳል።

ሦስተኛው፥ በቆላና በወይና ደጋ ለሚኖሩ፥ የወባ ነገር ነው። ጎርፉ ሲቆም ውሃው በየጉድጓዱ ተኝቶ ይቀራል፤ ሙቀቱም የትንኟን ዕጭ ቶሎ ያሳድጋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የሚበረታውም ስለዚህ ነው። በግቢ ዙሪያ የተኛ ውሃ ይፍሰስ፥ ይደፈን፤ የተቀደደ አጎበር ይሰፋ፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከአጎበር ውጭ አይደሩ።

በመጨረሻም በሬዲዮ የሚነገረውን የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአሥር ቀን ማስታወቂያ በጥንቃቄ መስማት ይገባል። «ከመደበኛ በታች» ሲባል ጨርሶ አይዘንብም ማለት አይደለም፤ ከብዙ ዓመት ልማድ ያነሰ ይሆናል ማለት ነው። «መደበኛ» ሲባልም በየማሳው እኩል ይዘንባል ማለት አይደለም።

ሰማዩን መለወጥ አይቻለንም፤ ጎተራችንን መጠበቅ ግን ይቻለናል። የሩፋኤል ዝናብ ቢቀር ልጆቻችንን «መስከረም ገና አለ» ብለን እናጽናናቸው፤ እኛም ራሳችን ይህንኑ አስበን ሳንደነግጥም ሳንዘናጋም እንቆይ። እግዚአብሔር አምላክ የበልጉንም የክረምቱንም ዝናብ በየጊዜው ይስጠን፤ አዲሱንም ዘመን የምሕረትና የጥጋብ ያድርግልን።