ስመ ክርስትናዋ በበቃ ነበር

በዓቢይ ጾም መካከል አንዲት እኅታችን በዶሃ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፣ «ጸልዩላት» የሚል መልእክት በስልኬ ደረሰኝ። ከመልእክቱ ጋር በአልጋ ላይ ሳለች የተነሣ ፎቶግራፍ ነበር፤ ከሥሩም ሙሉ ስሟ፣ የሕመሟ ዓይነት፣ የምትሠራበት ሰፈርና የነዋሪነት መታወቂያዋ ቁጥር ሰፍሯል። እኔም ሳላመነታ ለሦስት የዋትሳፕ ቡድኖች አስተላለፍሁት።

እኅታችን በእግዚአብሔር ቸርነት ድና፣ በመሳይሚር ከዓርብ ቅዳሴ በኋላ ለመስቀል ቀረበች። «አባቴ፣ እናቴ መታመሜን የሰማችው ከጎረቤት ስልክ ነው። እስክድን ድረስ እንዳትሰማ ብዬ ነበር። አሠሪዬም በሽታዬን በስሙ ጠርተው ጠየቁኝ» አለችኝ። የላክሁትን ለመሰረዝ ሞከርሁ፤ ሌሎች አስቀድመው ያስተላለፉትን ግን መመለስ አልተቻለኝም።

የኳታር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሕግ ቁጥር 13 የጤና፣ የሃይማኖት፣ የጋብቻና የሕፃናት መረጃ ልዩ ጥበቃ እንዲኖረው ደንግጓል። ይህ ሕግ ግለሰቦች በግልና በቤተሰብ ጉዳይ የሚይዙትን መረጃ አይመለከትም፤ ስለዚህ «እኛን አይነካንም» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2025 በሳይበር ወንጀል ሕጉ ላይ የተጨመረው አንቀጽ፣ በአደባባይ ያለን ሰው ምስል እንኳ ያለ ፈቃዱ በኢንተርኔት ማሰራጨትን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 100,000 ሪያል ያስቀጣል። በዓለ ንግሥ በመጣ ቁጥር ስልኩን ከፍ አድርጎ የምእመናንን ፊት የሚቀርጽ ሁሉ ይህን ይወቅ። በሀገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታውጇል።

እስራቱና መቀጮው ባይኖር ኖሮስ? ካም የአባቱን ዕርቃን ማየቱ ሳያንስ ወደ ውጭ ወጥቶ ተናገረ፤ ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን መልሰው፣ የኋሊት እየሄዱ ሸፈኑት። እኔ እኅቴን የምረዳት መስሎኝ የካምን ሥራ ሠራሁ።

ስለ ድውያን ስንጸልይ የምንጠይቀው ስመ ክርስትናን ነው። «ወለተ ማርያም» ተብሎ ሲጠራ፣ ከቆሙት መካከል ስንት ወለተ ማርያም እንዳለች ማን ያውቃል? የተጠራችውን የሚለይ እርሱ ራሱ ነው። ፎቶግራፍም የመታወቂያ ቁጥርም አያሻውም። ለሕክምና ገንዘብ የሚሰበሰብ ከሆነ ደግሞ ምን ይነገር፣ ለማን ይነገር የሚለውን ሕመምተኛዋ ራሷ ትወስን።

ወደ ገዳማት ለመሳለም የምትጓዙም የፓስፖርታችሁን ቅጂ በጋራ ቡድን ውስጥ አትላኩ፤ ለአስተባባሪው ብቻ ስጡ። አስተባባሪውም ትኬቱ ከተቆረጠና ጉዞው ከተፈጸመ በኋላ ከስልኩ ያጥፋው። ባለፈው ጉዞ የአርባ ሰው ፓስፖርት በአንድ ገጽ ተደርድሮ ስናይ ዝም ያልነው እኛው ካህናቱ ነን።

ያች እኅት በሰሞኑ ለእናቷ ጸሎት እንዲደረግላት ፈልጋ መጥታ ነበር። በሰጠችኝ ቁራጭ ወረቀት ላይ የተጻፈው «ወለተ ጻድቅ» ብቻ ነው። ምን እንዳመማቸው አልጠየቅኋትም።